«ፍሬን በጠሰ» ስለሚባለው ነገር

በአገራችን የመኪና አደጋ በደረሰ ጊዜ ከሰው አፍ ቶሎ የሚወጣ አንድ አነጋገር አለ። እርሱም «ፍሬን በጥሶ ነው» የሚለው ነው። መኪናው ገደል ገብቶ እንደ ሆነ ፍሬን በጥሶ ነው፤ ከቆመ አውቶቡስ ጋራ ተላትሞ እንደ ሆነ ፍሬን በጥሶ ነው፤ ከገበያተኛ መካከል ገብቶ እንደ ሆነም ያው ፍሬን በጥሶ ነው። ይህ ቃል ከተነገረ በኋላ ሌላ ጥያቄ የሚጨምር ሰው እምብዛም አይገኝም። ገመድ ይበጠሳል፣ ክርም ይበጠሳል፤ የተበጠሰን ነገር ማን ምን ያደርገዋል? ሾፌሩ በሕይወት ከተረፈ ይታሰራል፣ ሟቾቹ ይቀበራሉ፣ ነገሩም በዚሁ ያበቃል።

እኛ ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናመለክት የምንወደው፣ በረጅም ቁልቁለት ላይ «በጠሰ» ከሚባለው ፍሬን ብዙው አንዳች የተበጠሰ ነገር የሌለው መሆኑን ነው። ፔዳሉ ከቦታው አለ፤ የነፋሱ ቱቦም ደኅና ነው፤ ሾፌሩም በሙሉ ኃይሉ ረግጦታል። መኪናው ግን አልቆመም። ጥፋቱ የተፈጸመው አደጋው ከደረሰበት ኩርባ ላይ ሳይሆን ምናልባት ዐሥር ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ፣ ቁልቁለቱ ገና ሳይጀመር፣ ከአናቱ ላይ ነው። አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ይልቅ ርቆ፣ መኪና ከማይደርስበት ስፍራ፣ ከአንድ የጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለ ጠረጴዛው በኋላ እንናገራለን።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪው ሁሉ ወደየአገሩ በተበተነ ጊዜ፣ እኛም ወደ ደብረ ማርቆስ የምንሄድበት አውቶቡስ አጥተን ስንጉላላ፣ አንድ ዘመዳችን ለምኖ ማዳበሪያ ከጫነ ባለ ተሳቢ መኪና ጋቢና አሳፈረን። ሾፌሩ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ቀድሞ «አምስተኛ» ይባል የነበረውን ከፍተኛውን መንጃ ፈቃድ ያወጡት እኛ ከመወለዳችን በፊት ነው። እኛ «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ እሳቸው ደግሞ ስማችንን ጠይቀው ከተረዱ በኋላ እንኳ «ተማሪው» ማለቱን መረጡ። ከእኛ በዕድሜ የሚያንሰው ረዳታቸው በዚያ ጋቢና ውስጥ ከእኛ የበለጠ ማዕርግ እንደ ነበረው መደበቅ አያስፈልግም።

ሱሉልታን፣ ፍቼን፣ ገብረ ጉራቻን አልፈን ጎሐ ጽዮን እንደ ደረስን መኪናው ቆመ። እኛ ምሳ መስሎን ነበር። ሽማግሌው ግን ወርደው መኪናውን መዞር ጀመሩ። የእያንዳንዱን ጎማ ቸርኬ በእጃቸው ጀርባ እየቀረቡ ሙቀቱን ይፈትናሉ፤ ጎማውን በብረት እየመቱ ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ከመኪናው ወደ ተሳቢው የሚያልፈውን የነፋስ ቱቦ ይነቀንቃሉ። ረዳቱ ከሥር ገብቶ የነፋሱን ማጠራቀሚያ ማስተንፈሻ በሳበው ጊዜ ውሃ ከነፋስ ጋራ እየተንፏጨ ወጣ። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ብንጠይቀው፣ «ፍሬናችን የሚሠራው በነፋስ ነው፤ ውሃ ከተኛበት ለነፋሱ ቦታ አይኖረውም» ሲል አስረዳን። ከዚህ በኋላ ሻይ ተጠጣ። በዚህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ሄደ። ወደ ቤታችን የቸኮልን ስለ ነበርን ጊዜው በከንቱ የጠፋ መሰለን።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ግማሹ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ግማሹ ከወንዙ ይወጣል። የአገሩ ሰው «አባይ በረሃ» የሚለው ይህን ነው። ከላይ ከደጋው ብርድ ተነሥቶ ከታች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የተመረቀው 303 ሜትር የሚረዝም የሕዳሴ ድልድይ ዘንድ እስኪደረስ ድረስ የመሬቱ ከፍታ ከ1,200 ሜትር በማያንስ ይቀንሳል። ጋራው የሚንሸራተት በመሆኑም አስፋልቱ ቢጠገን ቢጠገን እዚህም እዚያም መወላገዱን አይተውም።

ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል ሽማግሌው መኪናውን ከማቆም ባልተናነሰ አዝግመው ማርሹን ወደ ታች አወረዱት። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው ግን እንደ ኤሊ ይጎተት ጀመር። ሌሎች የጭነት መኪናዎች እያለፉን ሲሄዱ እያየን ጥቂት ከታገሥን በኋላ፣ «ጋሼ፣ ቁልቁለት አይደለም እንዴ? ራሱ አይወርድም?» ብለን ጠየቅን።

«ራሱማ ይወርዳል» አሉ፤ «ችግሩ ራሱ መውረዱ ነው።» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «መኪና ዳገት ላይ ይለመናል፤ ቁልቁለት ላይ ይታዘዛል። አዛዡ አንተ መሆንህን ከላይ ካልነገርኸው ከመካከል አይሰማህም» አሉን።

ከግማሽ መንገድ በታች ከኩርባው ሥር ቀድሞን የሄደ አንድ መኪና ቆሞ አገኘን። የኋላ ጎማዎቹ ይጨሳሉ፤ ሽታውም እንደ ተቃጠለ ጨርቅና ጎማ ያለ ነበር። ረዳቱ ከጎማው ሥር ታኮ ካደረገ በኋላ በጀሪካን ውሃ ይዞ ወደሚጨሰው ጎማ ሲጠጋ ሽማግሌው በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ተው አንተ ልጅ! ውሃ አታፍስበት፣ ይሰነጠቃል!» ብለው ጮኹ። የጋለ ብረት ድንገት ሲበርድ ይሰነጠቃልና። ልጁ ጀሪካኑን አስቀመጠ። ያ መኪና የቆመው በዕድል ነው። ጥቂት ቆይቶ ቢሆን ኖሮ «ፍሬን በጥሶ» ከሚባሉት አንዱ ይሆን ነበር፤ በእውነቱ ግን የተበጠሰ ነገር አልነበረውም።

ነገሩን በቁጥር ብናየው ይሻላል። ከነጭነቱና ከነተሳቢው 40 ቶን የሚመዝን መኪና 1,200 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ከላይ ይዞት የነበረው ኃይል አይጠፋም፤ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። አንዱ አማራጭ ፍጥነት መሆን ነው፤ ያ ከሆነ መጨረሻው ገደል ነው። ሌላው ሙቀት መሆን ነው። ይህ ሙቀት ሲሰላ ባለ 200 ሊትር ሰባት በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ይሆናል። እንግዲህ ከጎሐ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ድረስ አንድ ሾፌር የሰባት በርሜል እሳት ይዞ ይወርዳል ማለት ነው። ጥቂቱን ነፋሱና የጎማው ፍትጊያ ይወስዱለታል። የቀረውን የት እንደሚጥለው መወሰን የሾፌሩ ፈንታ ነው።

በፍሬን ብቻ ልጣለው ያለ እንደ ሆነ ሙቀቱ ሁሉ የሚያርፈው በጎማዎቹ ውስጥ ባሉት፣ እንደ ከበሮ ክብ በሆኑት ብረቶችና በውስጣቸው በሚፋተገው ሸራ ላይ ነው። ብረት ሲግል ይሰፋል፤ ክቡ ብረት ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ከመጠን በላይ ሲሞቅ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ሾፌሩ ይህን ለመካስ የባሰ ይረግጣል፤ የባሰ ሲረግጥ የባሰ ይሞቃል። ከዚህም ጋራ በእያንዳንዱ መርገጥ ጥቂት ነፋስ ከማጠራቀሚያው ይወጣልና፣ በድንጋጤ ቶሎ ቶሎ የሚረግጥ ሰው ነፋሱንም ይጨርሰዋል። በመጨረሻው ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ይሄዳል።

ፍጥነትን ስለ መቀነስ የሚነገረውም ለዚህ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢወረድም 20 ኪሎ ሜትር ቢወረድም ጠቅላላው ሙቀት ያው ሰባት በርሜል ነው። ልዩነቱ በግማሽ ሰዓት ያህል ይፈላል ወይስ በአንድ ሰዓት የሚለው ነው። ብረቱ ሙቀቱን ለነፋስ እያካፈለ የሚበርድበት ጊዜ ካገኘ ይችለዋል፤ ካላገኘ አይችለውም። ሽማግሌው ይህን ስሌት በወረቀት እንዳልሠሩት እናምናለን፤ ነገር ግን በእጃቸው ጀርባ ያውቁታል።

ታዲያ ፍሬን ካልሆነ ሌላው መያዣ ምንድን ነው? ሞተሩ ነው። ማርሽ ወደ ታች በወረደ ጊዜ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩም አልዞርም እያለ መኪናውን ይይዘዋል። ሾፌሮቻችን «በማርሽ ያዘው» የሚሉት ይህ ነው። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን የምንላቸው ቃላት ከመኪናው ጋራ ከውጭ የመጡ ቢሆኑም «ያዘው» የሚለው የራሳችን ነው፤ በሬም በቅሎም የሚያዝበት ቃል ነው።

የሚያስደንቀው ይህ የሞተር መያዝ ትልቅ ሥራ የሆነው እንዲሁ በአንድ ቁልቁለት ላይ ከሞት ለጥቂት ባመለጠ ሰው ነው። ስሙን ዛሬም በብዙ ካሚዮን ሞተር ላይ የምናነበው አሜሪካዊው ክሌሲ ከሚንስ የዲዝል ሞተርን ጥቅም ለሕዝብ ለማሳየት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ከኒው ዮርክ ተነሥቶ አሜሪካን በካሚዮን አቋርጦ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሆን በሚባለው በር ሲወርዱ ፍሬኑ ተቃጠለ። ማርሹም ሊይዝላቸው አልቻለም። ከታች ደግሞ ባቡር መንገዱን እያቋረጠ ነበር። የባቡሩ መጨረሻ እንዳለፈ እነሱም በኋላው ሽው ብለው አለፉ። ከሚንስ ያን ቀን አልረሳም። ብዙ ዓመታት ካለፉ፣ እርሱም ከሥራ ከተገለለ በኋላ፣ ያሰበውን የሞተር ፍሬን ሠራ፤ በ1961 ጄኮብስ የተባለው ፋብሪካ ለገበያ ሲያወጣው ሰውዬው ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

የፍሬኑ አሠራር የብስክሌት ጎማ መንፊያ የያዘ ልጅ ሁሉ የሚገባው ነው። የመንፊያውን ጫፍ በጣት ዘግተው እጀታውን ቢጫኑት የታፈነው ነፋስ እጅን መልሶ ይገፋል። የዲዝል ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ነፋሱን ለማፈን ያወጣውን ኃይል ነፋሱ መልሶ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ብቻውን አጥብቆ አይዝም። ከሚንስ ያደረገው ነፋሱ ታፍኖ ሊገፋ ሲል ጣቱን ማንሣት ነው። የጭስ መውጫው ክፍት ይሆንና ነፋሱ በከንቱ ይወጣል፤ ለማፈን የወጣው ኃይል ሁሉ ከመኪናው ግፊት ተቀንሶ ይቀራል። ዛሬ በመንገዳችን ከሚሄዱት ከባድ መኪናዎች ብዙዎቹ ይህን ወይም የጭስ መውጫውን በመዝጋት የሚይዘውን ሌላውን ዓይነት ይዘው ይመጣሉ። ይዞ መምጣቱና በሥራ ላይ መዋሉ ግን የተለያየ ነገር ነው።

የድሮ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉ ነበር። ለድሮው መኪና ጥሩ ደንብ ነበር። የዛሬው ሞተር ግን ጉልበቱ ብዙ በመሆኑ ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ ይወጣዋል፤ በዚያው ማርሽ ቢወረድ አይይዝም። ስለዚህ ከወጣበት አንድ ወይም ሁለት ዝቅ ማለት ይገባል፤ ሞተሩ ከሚፈቀድለት በላይ እንዳይሽከረከር ቆጣሪውን እያዩ። ማርሹም የሚመረጠው ከላይ ነው። ከመካከል ልለውጥ ያለ ሾፌር ፍሪሲዮኑን በረገጠ ጊዜ መኪናው ይለቀቃል፤ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ታችኛው ማርሽ አልገባም ይላል፤ ላይኛውም አይመለስም። ሾፌሩ በዜሮ ማርሽ ይቀራል። እንግዲህ የሽማግሌው «ከመካከል አይሰማህም» የሚለው ቃል የመካኒክነት ትምህርት ነበር፤ እኛ ምሳሌ መስሎን ነበር።

ፍሬኑስ ጨርሶ አይረገጥም ወይ የሚል አለ። ይረገጣል፤ ግን በአረጋገጥ ነው። ሞተሩ ይዞት ፍጥነቱ ከተመረጠው ልክ ሲያልፍ ጠበቅ አድርጎ ረግጦ ከልኩ በታች በሰዓት ስምንት ወይም ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል እስኪቀንስ መያዝ፣ ከዚያ ጨርሶ መልቀቅ፣ እንደ ገና ልኩ እስኪደርስ መጠበቅ። እግርን በቀስታ አሳርፎ ረጅም መንገድ መውረድ ለስላሳ ይመስላል፤ ነገር ግን ከጎማዎቹ ሁሉ የፍሬናቸው ሸራ ቀረብ ያለው ብቻ ሥራውን ስለሚሠሩ እነርሱ ይቃጠላሉ፤ የቀሩት ቀዝቅዘው ይቀመጣሉ።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ስለሚወርደው ሾፌር ብዙ አንናገርም። ሕይወቱን የሸጠበት ዋጋ እንኳ የውሸት መሆኑን ግን ይወቅ። በማርሽ የተያዘ የዲዝል ሞተር ነዳጅ ካልተሰጠው በቁልቁለት ላይ ነዳጅ አይጠጣም፤ ጎማው ያዞረዋልና። በዜሮ ማርሽ ያለው ሞተር ግን እንዳይጠፋ ብቻ ይጠጣል።

ስለ ከባድ መኪና አነዳድ ሌላም የሚባል አለ። ተሳቢ በጠባብ ኩርባ ላይ ከፊተኛው መኪና ወደ ውስጥ አሳብሮ እንደሚሄድ፣ ስለዚህ ከጎኑ የቆመ እግረኛ ሊጨፈለቅ እንደሚችል፤ ግማሽ የተሞላ የነዳጅ ቦቴ ፈሳሹ እየተላጋ ከሞላው ይልቅ ለመገልበጥ እንደሚቀርብ፤ ሾፌሩ የማያየው ስፍራ ከመኪናው ፊትም ጎንም እንዳለ። እነዚህ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን እሑድ ይፈልጋሉ።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። ወደ ጋዜጣ ሥራ ከመግባታችን በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ጥቂት ወራት ሠርተን ነበር። ከተሰጡን ሥራዎች አንዱ ወደየአውራጃው ለሚላኩ የጭነት መኪናዎች የጉዞ ሰዓት ማውጣት ነበር። ሥራው ቀላል መሰለን። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓት 50 ቢሄድ ስድስት ሰዓት። ጻፍን። ከስድስት ሰዓት ያለፈ ከውሎ አበሉ ይቀነስበት የሚል ማስታወሻም ከግርጌው ጨመርን። ሠንጠረዡ በኮምፒዩተር የተሠራ፣ መስመሩ የቀና፣ የሚያምር ነበር። አለቃችንም አመሰገኑን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ሾፌር የቅጣት ወረቀቱን ይዞ ገባ። በዕድሜ አባታችን ይሆናል፤ ነገር ግን የቢሮ ሰው በመሆናችን «እርስዎ» አለን። «ይህን ሰዓት ያወጡት እርስዎ ነዎት?» አለ። አዎን አልን። «በረሃውን በስንት አስበውት ነው?» አለ።

ሠንጠረዡን አየነው። በረሃ የሚል ነገር አልነበረበትም። በዚያ ጋቢና ተቀምጠን በዚያ መንገድ ወርደን ነበር፤ የተቃጠለውን ፍሬን አሽትተን ነበር፤ ወንበር ላይ በተቀመጥን ጊዜ ግን ሁሉም ተረሳና መንገዱ በካርታ ላይ እንደሚታየው ቀጥ ያለ መስመር ሆነ። ይህ ሰው በሰዓቱ ለመድረስ የነበረው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከጎሐ ጽዮን ሳይቆም፣ ማርሹን ሳያወርድ መልቀቅ ነው። እርሱ እንቢ ብሎ አበሉን ተቀጣ። ሌሎቹ በሰዓቱ የገቡት እንዴት እንደ ገቡ የጠየቀ አልነበረም፤ የጠየቅነውም እኛ አልነበርንም።

እንደ ገና ቁጭ ብለን ሠራነው። ለፍተሻ ግማሽ ሰዓት፣ ለመውረጃው አንድ ሰዓት፣ ተጭኖ ወደ ደጀን ለሚወጣው አንድ ሰዓት፤ ለአርባው ኪሎ ሜትር በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ተኩል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የከባድ መኪና ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ በሕግ መታዘዙን አንብበን ስለ ነበር የዕረፍት ጊዜም ጨመርንበት። ይዘን ወደ አለቃችን ገባን።

«አርባ ኪሎ ሜትር በሁለት ሰዓት ተኩል? በበቅሎ ነው እንዴ የሚሄዱት?» አሉ።

ስለ ሰባቱ በርሜል ነገርናቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ቆይተው ግን ወረቀቱን አስጠግተው በእርሳስ ራሳቸው አሰሉት፤ አሰሉትና የመሄጃውን ፈረሙ። የሾፌሩም ቅጣት ተሰረዘ። ወደ መመለሻው ሲደርሱ ብዕራቸውን አነሡ። «ሲመለስ ባዶ አይደለም? ባዶ መኪና ምን ያስፈራዋል?» አሉ። ባዶ መኪና ከደጀን ወደ ወንዙ ሲወርድ ሙቀቱ እንደሚቀልለት እውነት ነው፤ ነገር ግን ባሌስትራውም ፍሬኑም ለጭነት የተሠሩ በመሆናቸው ባዶው ይነጥራል፣ ጎማውም ቶሎ ይታሰርና ይንሸራተታል፤ በዝናብ ጊዜ ለመቆም ከተጫነው የበለጠ ርቀት ሊፈልግ ይችላል። ይህን ብንነግራቸው፣ «እንግዲህ ይጠናል» ብለው ወረቀቱን ከመሳቢያቸው ከተቱት። ከዚያ መሥሪያ ቤት እስከ ወጣንበት ቀን ድረስ የመመለሻው ሰዓት አልተፈረመበትም።